የሕመም ማስታገሻ ከወልድያ አልፎ ለሀብሩ ቀበሌዎችም ያስፈልጋል

በ2013 እና 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የተዘረፉት የሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት መልሰው ሲደራጁ፣ ከሕንፃና ከአልጋ ጋር መታሰብ ያለበት አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የሕመም ማስታገሻ ነው።

ሕመም የአካል ማስጠንቀቂያ ነው። ከሦስት ወር በላይ ሲዘልቅ ግን የነርቭ ሥርዓትን ይበልጥ ስሱ ሊያደርግና ራሱን የቻለ በሽታ ሊሆን ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ለካንሰር ሕመም ያወጣው ባለ ሦስት ደረጃ መመሪያ ከፓራሲታሞል ጀምሮ ለከባዱ ሕመም እስከ ሞርፊን ይዘልቃል። በአፍ የሚወሰደው ሞርፊን ውድ መድኃኒት አይደለም። ሆኖም የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳመለከተው፣ በሞርፊን መጠን ተሰልቶ በዓለም በየዓመቱ ከሚሠራጨው 298.5 ቶን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ከምክንያቶቹ መካከል የሱስ ሥጋት፣ ጥብቅ ቁጥጥርና የሥልጠና ማነስ ይገኙበታል።

ቁጥጥሩ ተገቢ ነው፤ ሕሙማንን ግን ካለ ማስታገሻ ማስቀረት የለበትም። ከመርሳ ራቅ ባለ ቀበሌ በካንሰር የሚሠቃይ አርሶ አደር ለእያንዳንዱ ማዘዣ ወልድያ መመላለስ አይችልም። ተገቢው መድኃኒት ሲርቅ ሰው በእጁ ያለውን ይደጋግማል፤ ያለ ሐኪም ክትትል የሚደጋገም ዳይክሎፌናክ ደግሞ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

መፍትሔው በጤና ጣቢያ ሊጀመር ይችላል፦ ሕመምን ከ0 እስከ 10 ጠይቆ መመዝገብ፣ ባለሙያ ማሠልጠን፣ የመድኃኒት አቅርቦትንም ከሆስፒታል ጋር ማስተሳሰር።