ጉሎ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ባለፈው ሳምንት ተራዬ ደርሶ ሳልጽፍ የቀረሁት ስንፍና ይዞኝ አይደለም። ውሻችን ታሞብን ነበር። «ውሻ ታመመ ተብሎ ጽሑፍ ይቀራል እንዴ?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ፤ ባልደረቦቼም ብለውኛል። እስቲ ታሪኩን ልንገራችሁና ከዚያ ፍረዱኝ።

እማዬ አዲስ ምጣድ ገዛች። አዲስ ምጣድ ደግሞ ገና እንደመጣ ሊጥ አይፈስበትም፣ መሟሸት አለበት። ሰው ሁሉ በጎመን ዘር ሲያሟሽ እማዬ ግን በጉሎ ካልሆነ አይሆንላትም፤ አያቴም እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። ጉሎውን ፈልፍላ፣ በሙቀጫ ወቅጣ፣ የጋለው ምጣድ ላይ እያሸች ግቢውን በጭስ ሞላችው። ከዚያ የተረፈውን ከነሙቀጫው ማድ ቤቱ በር ላይ ትታ ስልክ ልታነሳ ገባች። ስትመለስ ቡቺ ሙቀጫውን ሙልጭ አድርጎ ልሶ አጥቦላታል።

ሳቅን። እውነቴን ነው፣ ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ። «የዚህ ውሻ ሆድ ምን ይሆናል!» ተባለ። ቡቺ እኮ በግ ሲታረድ ቀንድ የሚቆረጥም፣ ካልሲ የዋጠ፣ አንድ ጊዜ የወንድሜን የሒሳብ ደብተር ግማሹን የበላ ውሻ ነው። ማታውን ደህና አመሸ። ሊነጋጋ ሲል ግን ማስታወክ ጀመረ፣ ጠዋት ደግሞ ተቅማጡ ደም ቀላቀለ። ከዚያ ጥግ ላይ ተኛና ስሙን ስንጠራው ጆሮውን እንኳ ማንቀሳቀስ አቃተው።

እኔ የጋዜጠኝነት ምሩቅ ነኝ። መረጃ መፈለግ ተምሬያለሁ፣ ዲግሪ አለኝ። ስልኬን አወጣሁና «ውሻ ምን ምን ዘር መብላት ይችላል?» ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅሁ። መልሱ ጎረፈ። ቺያ ደህና ነው። ኪኖዋ ታጥቦና ተቀቅሎ ደህና ነው። የዱባ ፍሬ ጨው ከሌለው ደህና ነው። ጉሎስ? ጉሎ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አላውቅም! አጠራሩን ብቻ በላቲን ፊደል ጻፍኩ። ምን እንደመጣልኝ ታውቃላችሁ? በሰሜን ዋልታ አካባቢ በረዶ ላይ የሚኖር ጠጉራም አውሬ። በሳይንስ ስሙ ጉሎ ጉሎ ይባላል። ውሻዬ በሞትና በሕይወት መካከል ተኝቶ እኔ የአውሬ ፎቶ አያለሁ።

ወንድሜ መኪና ለምኖ አመጣና ወደ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድነው። በሩ ላይ ያለው ሰውዬ ውሻ መሆኑን ሲያይ «ሰኞ ተመለሱ» አለን። ሁለተኛው ቦታ ያገኘናቸው ሐኪም ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ቦት ጫማቸው ላይ እበት የደረቀ፣ ከላም ማዋለድ የመጡ ሰው ናቸው። ጉሎ መሆኑን ስነግራቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ቆርጥሞታል ወይስ ፍሬውን እንዳለ ውጦታል?»

«ተወቅጦ ነው የላሰው» አልኳቸው።

«ታዲያ እናትሽ አኝካለታለች በይኛ!»

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። የጉሎ ፍሬ ውስጥ ሪሲን የሚባል መርዝ አለ። ሴል ውስጥ ገብቶ ፕሮቲን የሚሠራበትን ክፍል ያቆመዋል፤ ፕሮቲን መሥራት ያልቻለ ሴል ደግሞ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ላይ የተገደለውን ቡልጋሪያዊ ጸሐፊና ጋዜጠኛ ጆርጂ ማርኮቭን አስታወሳችሁት? እግሩ ውስጥ በተተኮሰች ትንሽዬ ጥይት ውስጥ የነበረው ሪሲን እንደሆነ ይታመናል። ትምህርት ቤት ስለ ማርኮቭ ተምሬያለሁ፤ መርዙ ከእናቴ ሙቀጫ ዘመድ መሆኑን ግን የነገረኝ የለም። ፍሬው ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ሳይሰበር ከተዋጠ እንደገባ ሊወጣ ይችላል። ከተቆረጠመ ወይም ከተወቀጠ ግን መርዙ ይለቀቃል። ሕመሙ ወዲያው አይጀምርም፣ ብዙ ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴም ከቀን በላይ ይቆያል። ለዚህ ነው ማታ ስቀን ጠዋት ያለቀስነው። ማርከሻ የለውም። ሐኪም የሚያደርገው ቶሎ ከተደረሰበት ማስታወክና የመድኃኒት ከሰል መስጠት፣ ካለፈ ደግሞ በግሉኮስ አጥንቶ ማቆየት ነው።

«የጉሎ ዘይት እኮ መድኃኒት ነው፣ ፀጉር ላይም እንቀባዋለን» አለች እማዬ። እሷም ልክ ናት። ሪሲን ውኃ እንጂ ዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ ዘይቱ ሲጨመቅ መርዙ ከፋጉሎው ጋር ይቀራል። ከአንድ ፍሬ መድኃኒቱም መርዙም ይወጣሉ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ጉሎ የበሉ የ98 ውሾችን መዝገብ አገላብጧል። አብዛኞቹ አስታውከዋል፤ የሞቱት ወይም ስቃያቸው በዝቶ እንዲሞቱ የተደረጉት ከ100 9 ያህሉ ናቸው። ይህንን ያገኘሁት ሐኪሙ የእንግሊዝኛ ስሙን በሐኪም ማዘዣ ላይ ከጻፉልኝ በኋላ ነው። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የጎደለችኝ። ስንቶቻችሁ ግቢ አጥር ላይ፣ ስንቱ ወንዝ ዳር፣ ስንቱ ታጥሮ የተቀመጠ ቦታ ላይ ጉሎ በቅሏል? አዲስ አበባ ውስጥ ጉሎ የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ።

ታዲያ የኔ ክርክር ይህ ነው። «ዘር ለውሻ ደህና ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ከውጭ የተዘጋጀልን መልስ የሰው ኩሽና መልስ ነው። እኛ ቤት ቺያ የለም። እኛ ቤት ያለው ተልባ፣ ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ጎመን ዘር፣ ቆሎ ውስጥ የተቀላቀለ ኦቾሎኒ፣ ጥሬ ቡና እና ጉሎ ነው። የኛን ዝርዝር የሚጽፍልን ማነው?

ከሐኪሙ ጠይቄና ሦስት ሌሊት ቡቺን እየጠበቅሁ አንብቤ የተረዳሁትን ያህል ልንገራችሁ። ተልባ ከሁሉም ደግ ነው፤ ተቆልቶና ተፈጭቶ ትንሽ ማንኪያ ምግቡ ላይ ቢነሰነስ ውሻን አይጎዳም። ፍሬው ካልተፈጨ ግን እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። ብዙ ደረቅ ተልባ ያለ በቂ ውኃ ከተበላ ሆድ ውስጥ አብጦ አንጀት ሊዘጋ ይችላል፤ ተልባ ውኃ ሲነካው ምን እንደሚሆን ለናንተ አልነግራችሁም። ጥሬው ሳያናይድ ሊሰጥ የሚችል ንጥረ ነገርም አለው፣ መቁላት ይቀንሰዋል። እናቶቻችን ቆልተው የሚፈጩት ለጣዕሙ ቢሆንም ለውሻውም ጠቅሟል። ሰሊጥና ሱፍ ጥቂት ቢበላ ችግር የለም፤ ነገር ግን ሁሉም ቅባት ናቸው፣ ቅባት የበዛበት ውሻ ጣፊያው አጠገብ ያለው ቆሽት የሚባለው አካል ይቆጣበታል፣ ያ ደግሞ ቀላል በሽታ አይደለም። የዱባ ፍሬ ደግሞ የኮሶ መድኃኒት ተብሎ በአገራችን ይታወቃል፤ ለውሻ ትል ግን የዱባ ፍሬ ሰጥቶ የሐኪሙን እንክብል መተው ራስን ማታለል ነው። ትሉ ወደ ሰውም ይተላለፋልና።

ቡና አደገኛ ነው። ካፌይን የውሻን ልብ እንደኛ ልብ አያስተናግደውም። ጥሬ ቡና ሲለቀም መሬት የወደቀውን መጥረግ፣ አተላውንም ውሻው በሚደርስበት አለመድፋት ነው። ከአቦካዶና ከማንጎ የሚያሰጋው ትልቁ ፍሬ ነው፣ ጉሮሮ ላይ ወይም አንጀት ላይ ይቀረቀራል፤ ጁስ ቤት አጠገብ የሚኖር ውሻ ያላችሁ አስቡበት።

ኑግን ለብቻው ላንሳው፣ ብዙ ስላስገረመኝ። ኑግ ራሱ ንጹሕ ነው። አሜሪካኖች ከኛና ከህንድ እየገዙ በየጓሯቸው ለወፍ ይሰቅሉታል (የኛ ኑግ የፈረንጅ ወፍ ሲያጠግብ እኛ ዘይት ተሰልፈን እንገዛለን፣ ይሁን)። ችግሩ ሻጋታ ሲይዘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ የተሰበሰበው የወተት ናሙና በሙሉ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ተገኝቶበታል፤ ዋነኛው ምንጭ ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር። ይህን መርዝ ውሻ ጭራሽ አይችለውም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በዚሁ መርዝ ከተበከለ የውሻ ምግብ ጋር በተያያዘ ከ110 በላይ ውሾች መሞታቸውን የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ገልጿል። እኛ ግን የሻገተ ኦቾሎኒ ስናገኝ ምን እናደርጋለን? ለሰው አይሆንም እንልና ለውሻው እንጥላለን!

ውሻን በዘር መግደል ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። በየከተማው ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማስወገድ ለዓመታት ሥጋ ውስጥ እየተደረገ ሲጣል የኖረው ስትሪክኒን የሚወጣው ከአንድ የእስያ ዛፍ ፍሬ ነው። እሱን ያየ ሰው አይረሳውም፤ እኔ ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ስሄድ አይቼዋለሁ፣ አልገልጸውም።

አሁን ወደ ሐኪሞቹ ልመለስ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። አገራችን በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ስለሆነች ትምህርቱ በሬውንና ላሟን ማስቀደሙ አይፈረድበትም። ቡቺን ያዳኑልኝም የላም ሐኪም ናቸው። ነገር ግን ከተማው ተለውጧል። በየኮንዶሚኒየሙ ቡችላ የምታሳድጉት እናንተ ናችሁ። ቅዳሜ ማታ ውሻው ቢታመም የሚደወልበት ስልክ ታውቃላችሁ? «በቤታችሁ ካለው ይህ ይገድላል፣ ይህ አይገድልም» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ ተክሉን በፎቶ አሳይቶ ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጋር አብሮ ማደል ምን ያህል ይከብዳል? ባለቤቱ እኮ ለክትባቱ ውሻውን ይዞ መጥቷል፣ እዚያው ቆሟል፣ ወረቀቷን መስጠት ብቻ ነው።

«ሰው በሚራብበት አገር ስለ ውሻ ሆድ ትጽፊያለሽ?» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጥያቄው ተራ ጥያቄ አይደለምና አልስቅበትም። ግን ሙቀጫው የተቀመጠው ማድ ቤት በር ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ያን ቀን ጠዋት እዚያው ነበረች፣ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ትከታለች። የጉሎ ፍሬ ደግሞ እንዴት እንደሚያምር አይታችኋል? ዥጉርጉር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጨሌ የመሰለ። ቡቺ ቀደማት እንጂ ሙቀጫው ለውሻ ብቻ የተቀመጠ አልነበረም።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ውሻ መርዝ በላ ሲባል ወተት፣ እንቁላል፣ ሎሚ የሚያጠጡ ጎረቤቶች ወዲያው ይሰበሰባሉ። እኛም ግቢ ተሰብስበው ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው። ወተት የጉሎ ማርከሻ አይደለም። ጨው በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ደግሞ ራሱ ውሻን ሊገድል ይችላል። የበላውን ነገር፣ ቀሪ ካለ በላስቲክ ይዞ፣ ሰዓቱንም አስታውሶ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። እኛ ሰዓቱን ያስታወስነው እማዬ ስልክ ያነሳችበት ስለተመዘገበ ነው።

ቡቺ በአራተኛው ቀን ውኃ ጠጣ። በስድስተኛው ቀን ሾርባ ላሰ፤ እማዬ ሽንኩርት ሳታስገባ የሠራችው ነው፣ ሽንኩርትም የውሻን ደም እንደሚያበላሽ ሐኪሙ ነግረዋት። «ወጥ ያለ ሽንኩርት! ለሱ ብዬ ደግሞ ሌላ ድስት ልጥድ?» እያለች ነው የጣደችው። ጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፣ ሌሊት ግን መጮህ ጀምሯል። ምጣዱ በበኩሉ በደንብ ተሟሽቷል፣ እንጀራው ዓይን በዓይን ሆኖ ይወጣል። የተረፈውን ጉሎ ጉድጓድ ቆፍራ ቀብራዋለች። እኔ ግን ፈራሁ፤ ዝናብ ሲመጣ ይበቅላል እኮ።