ዓይኑ ሲከፈት ሠራዊቱ አልጠፋም

ይህን የምጽፈው ሰው ለመንቀፍ አይደለም። ትምህርት ለመንቀፍ ግን ነው። ትምህርቱ በመካከላችን ገብቶ እንደ ወንጌል እየተሰበከ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በአንድ የወጣቶች ጉባኤ ላይ ተቀምጬ ነበር። አገልጋዩ ማይክ ይዞ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ አንድ ነገር ደጋግሞ አስተማረን። ዓለም የምታስፈራው አንተ በፍርሃት ዓይን ስለምታያት ነው፤ አመለካከትህን ቀይር፣ ዓለምህም ይለወጣል፤ የምትፈራው ነገር በአእምሮህ የሣልከው ሥዕል ነው እንጂ በውጭ የለም፤ እያለ። ቀጥሎም «አጠገብህ ላለው ሰው ንገረው» አለ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ዞር ብሎ «የምትፈራው ነገር የለም» አለኝ። እኔም መልሼ አልኩት። አዳራሹ በ«አሜን» ተናወጠ።

እጄ ግን ኪሴ ውስጥ ስልኬን ጨብጦ ነበር። እናቴ ራቤል ናት። ሐምሌ 28 ቀን በክልላችን ጉዳይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም ነበር። በቀን ዐሥር ጊዜ እደውላለሁ፤ አይገባም። ታዲያ እኔ በአእምሮዬ የሣልኩት ሥዕል የቱ ነው? እናቴ ናት? ስልኩ ነው? ወይስ ጦርነቱ?

የዚያን ቀን ሰላም አላገኘሁም። ያገኘሁት ሐፍረት ነው። ከፍርሃቴ ላይ «እምነት የለኝም ማለት ነው» የሚል ሌላ ሸክም ተጭኖልኝ ወጣሁ።

ጉምና ጅባራ

ራቤልን የማያውቃት ብዙ ነው። በሰሜን ሸዋ የግሼ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ደጋ ናት፤ ብርዷ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። እዚያ በግ እየጠበቀ ያደገ ልጅ ጉም ምን እንደሆነ ያውቃል። ጉሙ ድንገት ሲወርድ ፊት ለፊትህ የቆመውን በግ እንኳ አታይም። በጓሳ ወይም በእኛ ተራራ ላይ ያለፈ ሰው ደግሞ ጅባራን ያውቀዋል። ረጅም ተክል ነው፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በጉም ውስጥ ጋቢ የተከናነበ ሰው ይመስላል። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ ከጅባራ ሸሽቻለሁ!

አባቴ እንዲህ ይለኝ ነበር፦ «ጉም ሲወርድ አትሩጥ። ቁጭ በል። ጓደኛህን በስሙ ጥራው። በጎችህን ሰብስብ። ጉሙ ሲገለጥ ጅባራ ከሆነ ትስቃለህ፤ ጅብ ከሆነ ሁለት ሆናችሁ ታባርራላችሁ።» አንድም ቀን «ጅብ የሚባል ነገር የለም» ብሎኝ አያውቅም። ብሎኝ ቢሆን ኖሮ በጎቻችን ባለቁ ነበር።

የእኔ ክርክር በሙሉ ይኸው ነው። ፍርሃት ዓይንን እንደሚያሳስት አልክድም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል ያገራችን ሰው። ልጡን እንደ እባብ ማየት ስህተት ነው፤ መታረምም አለበት። ነገር ግን ሰውየው ልጥ ያስደነገጠው አንድ ቀን እውነተኛ እባብ ስላየ ነው። የዘመናችን መምህራን ስለ ልጡ ብቻ ነው የሚያስተምሩት። እባቡን አያነሱትም።

ለእውነት እውነቱን እንስጥ

ይህ ሐሳብ ሁሉ ባዶ ነው እያልኩ አይደለም። ኤፒክቴተስ የተባለው በባርነት ኖሮ ነጻ የወጣ ፈላስፋ ከነገሩ ይልቅ ስለ ነገሩ ያለን ፍርድ እንደሚያውከን ያስተምር ነበር። በዘመናችንም አሮን ቤክ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በጭንቀትና በድብርት የተያዙ ሰዎች ሐሳባቸውን እንዲመረምሩ የሚረዳ ሕክምና አዳብሯል፤ ብዙዎችም ተጠቅመውበታል። እንዲህ ያለ እርዳታ የሚያስፈልገው ወጣት ወደ ሐኪም ቢሄድ ከእምነት መጉደል አይደለም።

ሐኪሙ ግን «ሐሳብህን መርምረው» ይላል እንጂ «ያየኸውን ካደው» አይልም። ወደ መድረካችን የገባው ሌላ ነው። ኖርማን ቪንሰንት ፒል የተባለ የኒው ዮርክ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1952 ስለ አዎንታዊ አስተሳሰብ ኃይል ያሳተመው መጽሐፍ በሚሊዮኖች ተሸጠ። ከእርሱ ወዲህ እንዲህ ያለው ትምህርት ልጅና የልጅ ልጅ ወልዷል። ዛሬ በቴሌግራምና በዩቲዩብ የጥቅስ ልብስ ለብሶ ይመጣል። እኛም ጥቅሱን አይተን ልብሱ የማን እንደሆነ ሳንጠይቅ እንቀበለዋለን።

እስቲ ይህን ትምህርት ወደ ደጋችን እናውጣው። በአጎራባች ወረዳ ያለችው መጀቴ በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ፈራርሳለች። በ1977ቱ ረሃብ የአንጾኪያ ሸለቆ የረሃብተኛ መጠለያ ሆኖ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ሞላሌ ደርሶ ነበር። ያ አልፎ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሌላ ተኩስ መጣ። ይህን ሁሉ በአንድ ዕድሜ ያየች እናት ፊት ቆሞ «የሚያስፈራ ነገር የለም፤ አተያይሽ ነው» የሚል ሰው፣ ይበል እስቲ! ኤርምያስ በምዕራፍ 6 የሕዝቡን ስብራት በጥቂቱ እየፈወሱ ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው የሚሉትን ነቢያት ወቅሷል። እነዚያ ነቢያት ክፉ ነገር አልተናገሩም። የተናገሩት ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ጥፋታቸውም ይኸው ነው።

ሌላም ነገር ልበል። እኛ የመንዝና የግሼ ልጆች ይህ ትምህርት የሚጥመን ያለ ምክንያት አይደለም። «ወንድ ልጅ አይፈራም» እየተባልን ነው ያደግነው። አዲሱ ስብከት ያንኑ አሮጌ ፉከራ መንፈሳዊ ካባ አልብሶ መለሰልን። ቀድሞ የፈራ «ሴት» ይባል ነበር፤ አሁን «እምነት የሌለው» ይባላል። ስድቡ ተቀየረ እንጂ ልማዱ አልተቀየረም።

«የፍርሃት መንፈስ አልተሰጠንም»

መልሳችሁ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሁለተኛ ጢሞቴዎስ 1፥7ን ትጠቅሱልኛላችሁ። እሺ፤ ግን መልእክቱን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ጳውሎስ ይህን የጻፈው እስር ቤት ሆኖ፣ ሞቱ እንደቀረበ እያወቀ ነው። በሚቀጥለው ቁጥር ጢሞቴዎስን መከራ አብሮት እንዲቀበል ይጠራዋል እንጂ መከራ የለም አይለውም። በምዕራፍ 4 ደግሞ በጢሮአዳ የተወውን ልብስ እንዲያመጣለት፣ ከክረምትም በፊት እንዲደርስ ይለምነዋል። ብርድ ለሚያውቅ የደጋ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያ ታላቅ ሐዋርያ «ብርዱ በአእምሮዬ ነው» አላለም፤ ልብሴን አምጣልኝ አለ። ለቆሮንቶስ ሰዎችም በሁለተኛው መልእክት 7፥5 በመቄዶንያ ሳለ ውጭው ጠብ፣ ውስጡ ፍርሃት እንደነበረ ሳያፍር ጽፎላቸዋል።

ጌታችንስ? በጌቴሴማኒ ተጨነቀ። ላቡ ወረደ። ሦስቱን ደቀ መዛሙርት አብራችሁኝ ትጉ ብሎ ለመናቸው። እነርሱ ተኙ። የፈራን ሰው መገሠጽ ቀላል ነው፤ አብሮት መትጋት ነው የሚከብደው። የእኛን ጉባኤ የምከሰውም በዚህ ነው። «የምትፈራው የለም» ስንል በፈራው ወንድማችን አጠገብ ከመትጋት ራሳችንን ነጻ እያወጣን ነው።

በዶታይን የሆነው

እንግዲህ አተያይ መለወጥ አያስፈልግም ወይ? በጣም ያስፈልጋል! ግን መጽሐፍ ቅዱስ በሚያሳየን መንገድ ነው። ሁለተኛ ነገሥት 6ን ክፈቱ።

የኤልሳዕ ሎሌ ማልዶ ሲወጣ የሶርያ ሠራዊት ከተማዋን ከብቦ አየና ጮኸ። ኤልሳዕ «ሠራዊት የለም» አላለውም። ዓይኑን ጨፍኖ በጎ በጎውን እንዲያስብም አልመከረውም። ዓይኑ እንዲከፈት ጸለየ። ሲከፈትም ተራራው የእሳት ፈረሶችና ሰረገሎች ሞልተውበት አየ። ልብ በሉ፤ የሶርያ ሠራዊት ያኔም እዚያው ነበር። አንድም ፈረስ አልጎደለም። ሎሌው ሰላም ያገኘው ቀንሶ በማየት አይደለም፤ ጨምሮ በማየት ነው። ጠላቱን አየ፤ የእግዚአብሔርንም ሠራዊት አየ።

ብዙ ጊዜ ስብከታችን እዚህ ላይ ያቆማል። ታሪኩ ግን አላለቀም። ኤልሳዕ ያንን ሠራዊት እየመራ ሰማርያ ከተማ መካከል አገባው። የእስራኤል ንጉሥ ልምታቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ነቢዩ ከለከለው፤ እንጀራና ውኃ አቅርብላቸው አለው። ታላቅ ግብዣ ተደረገላቸው፤ በልተው ጠጥተው ወደ ጌታቸው ሄዱ። ከዚያም በኋላ የሶርያ አደጋ ጣዮች ወደዚያ ምድር አልመጡም።

የተከፈተ ዓይን መጨረሻው ይህ ነው። መጀመሪያ እግዚአብሔርን አየ፤ ቀጥሎ ጠላትን እንደ ሰው አየ። ለእኔ በአገራችን ዛሬ ትልቁ የአተያይ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ፍርሃት በጉም ውስጥ ጅባራውን ሰው እንደሚያስመስለው ሁሉ ሰውንም ጅብ ያስመስለዋል። የሰውየውን ቋንቋ፣ ስም፣ የመኪናውን ታርጋ አይተን ማን እንደሆነ ወስነን እናልፋለን። የማናውቀውን ወሬ ስልካችን ላይ ተቀብለን ለሌላ እንልካለን። «ሰላሜ በውስጤ ነው» እያለ በዚያው ጣቱ የጥላቻ ወሬ የሚያጋራ ወጣት ዓይኑ ገና አልተከፈተም።

አባቶቻችን እንዴት አዩ?

በደርግ ዘመን የነበሩትን እንጠይቅ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ አደጋውን በሚገባ ያውቁ ነበር፤ ከዚያ በፊት ታስረዋል። ከአገር የሚወጡበት ዕድል ቢቀርብላቸውም መንጋውን ትተው አልሄዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ዐሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። «በጎ ካሰብክ በጎ ይሆንልሃል» የሚለው ትምህርት ለእነዚህ ሰዎች ምን መልስ አለው? ምንም።

በ1974 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿ ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። ምእመናኑ «መንግሥት የለም፣ እስር ቤት የለም» ብለው አላወጁም። ያለውን አደጋ አይተው ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ በጥንቃቄ ተሰበሰቡ። ስትዘጋ 5,000 ያህል የነበሩት አባላት ደርግ ሲወድቅ 34,000 ያህል ሆነው ተገኙ። አባቴ በጉም ውስጥ ያለኝን ነው ያደረጉት። አልሮጡም፤ እርስ በርስ በስም ተጠራሩ፤ በጎቹን ሰበሰቡ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ በኅብረታችሁ መካከል አንድ ሰው «ፈርቻለሁ» ሲል አትገሥጹት። ምን እንደሚያስፈራው ጠይቁት፤ እስኪጨርስ ስሙት፤ ከዚያ አብራችሁት ጸልዩ፤ በማግሥቱም ደውሉለት። መዝሙረኛው በመዝሙር 56 በፈራ ጊዜ በእግዚአብሔር እንደሚታመን ይናገራል። በፈራ ጊዜ ነው፤ ፍርሃቱ ካለቀ በኋላ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከምታስተላልፉት ወሬ በፊት ጉሙ እስኪገለጥ ቆዩ። ጅብ መሆኑን ሳታረጋግጡ ድንጋይ አትወርውሩ፤ ሰው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የምትፈሩትን ሰው፣ የምትፈሩትን ወገን በጸሎታችሁ በስሙ ጥሩት። እንዲጠፋ ሳይሆን እንጀራና ውኃ እንዲያገኝ። ይህ ከባድ ነው። ለእኔም ከብዶኛል።

እናቴን በመጨረሻ ያገኘኋት ጉባኤው ካለቀ ከብዙ ቀን በኋላ ነው። እርሷ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል አይደለችም፤ የማርያምን ስም ሳትጠራ ወሬ አትጀምርም። «ፈርታችኋል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ምነው ልጄ፣ እንዴት አንፈራም! አለን ግን፣ ተመስገን» አለች። ከዚያ መሣሪያ የያዙ ልጆች በደጃፋችን እንዳለፉ፣ ቆሎና ውኃ እንደሰጠቻቸው ነገረችኝ። የየትኞቹ እንደሆኑ ጠየቅኋት።

«አልጠየቅኋቸውም» አለችኝ። «ርቧቸው ነበር። እናት አላቸው።»

በዚያ ጉባኤ ያላገኘሁትን ያን ዕለት በስልክ ሰማሁት። ጌታ ዓይናችንን ይክፈትልን።