ዜሮ ያሳለፈው ትምህርት ቤት ስንት ልጅ አስፈትኖ ነበር?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ቴሌግራማችንን ሁለት ነገር ይሞላዋል። አንዱ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ልጆች ፎቶ ነው። ሌላው «አንድም ተማሪ ያላሳለፉ» ትምህርት ቤቶች ወሬ ነው። ከሁለተኛው ሥር የሚጻፈውን ኮሜንት ታውቁታላችሁ፦ «መምህራኑ ምን ሲሠሩ ከረሙ?»፣ «እንዲህ ዓይነቱ ይዘጋ!»። እኔ የምለው ግን ትንሽ የገጠር ትምህርት ቤት ላይ ከመፍረዳችን በፊት፣ ስንት ልጅ እንዳስፈተነና ልጆቹ እነማን እንደሆኑ እንጠይቅ ነው።

እስቲ ከቁጥሩ እንጀምር። በ2015 ዓ.ም. 845,188 ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ነበሩ፤ 3.2 በመቶ ማለት ነው። ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,328ቱ ማንንም አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ያለፉት 8.4 በመቶ ደርሰዋል። መሻሻል ነው፤ ያም ሆኖ ከ10 ተፈታኝ 9ኙ አላለፉም።

አሁን የስልካችሁን ካልኩሌተር ክፈቱ። 20 ተማሪ ያስፈተነ ትምህርት ቤት አስቡ፤ ከአገሪቱ አማካይ የማይሻል፣ የማያንስም ይሁን። በ2015ቱ ስሌት እያንዳንዱ ልጅ የመውደቅ ዕድሉ 0.968 ነው። ሃያዎቹም አብረው የመውደቃቸውን ዕድል ለማግኘት 0.968ን ሃያ ጊዜ እያባዛችሁ ሂዱ። የምታገኙት 0.52 አካባቢ ነው። እንግዲህ እንደ ማንኛውም ትምህርት ቤት ያስተማረ ትንሽ ትምህርት ቤት፣ በቁጥሩ ማነስ ብቻ ከግማሽ በላይ በሆነ ዕድል «ዜሮ» ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ጎበዝ ልጅ ቢያልፍለት ደግሞ በአንዴ 5 በመቶ ይሆንና ከ2015ቱ የአገር አማካይ በላይ ነው ተብሎ ይጨበጨብለታል። መምህራኑ ያው፣ ክፍሉም ያው!

ይህ ለሁሉም ማምለጫ አይሆንም። በዚያ ዓመት አንድ ትምህርት ቤት በአማካይ ወደ 270 ተማሪ ነው ያስፈተነው። 270 አስፈትኖ ዜሮ ማምጣትና 20 አስፈትኖ ዜሮ ማምጣት ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የከባድ ችግር ምልክት ነው፤ ሁለተኛው ብቻውን ብዙም አይናገርም። ወሬው ግን ሁለቱን በአንድ ስም ይጠራቸዋል።

ወደ ልጆቹ እንምጣ። ዱመርሶን ውሰዱ፤ በጌዴኦ ዞን ይርጋ ጨፌ ወረዳ ያለች ቀበሌ ናት። ስሟ ውጭ አገር በሚሸጥ የቡና ከረጢት ላይ ይነበባል። እንዲህ ባለ ቀበሌ የሚማር ልጅ የቡና ገበሬ ልጅ ነው። ትምህርት መስከረም ላይ ይጀመራል፣ ቀይ ቡና የሚለቀመው ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመትና የለቀማው ወቅት አንድ ላይ ይወድቃሉ ማለት ነው። የቤተሰቡ የዓመት ገቢ በእነዚያ ሳምንታት በሚሰበሰብበት አገር፣ ልጁ ከክፍል ሲቀር ስንፍና ነው ማለት ቤቱን አለማወቅ ነው።

ቋንቋም አለ። ልጁ አፉን የፈታው በጌዴኡፋ ነው። አማርኛን በትምህርት ቤት ይማራል፤ ከዚያ ሒሳቡም ሳይንሱም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በግል ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ከተማረ የከተማ ልጅ ጋር አንድ ወረቀት ይቀርብለታል።

ታሪክም ጫና አለው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቀሉ። በማግሥቱ፣ በ2011 አንደኛ ክፍል የገባ የዚያ አካባቢ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ኮሮና መጣና በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ያ ልጅ ሳይደግም ከቀጠለ በ2018 ዓ.ም. 8ኛ ክፍል ነው። ማንበብ በሚለመድባቸው ዓመታት የደረሰበት ይህ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ «ወደቀ» ስንል ይህንንም አብረን እንቁጠር።

ደግሞ በመቶኛው ውስጥ ጨርሶ የማይታዩ ልጆች አሉ፤ በመሃል ያቋረጡት። ደካማውንም ደካማ ነው ሳይል ይዞ 12ኛ ክፍል ያደረሰ ትምህርት ቤት በመቶኛው ይቀጣል። ደካሞቹ ቀድመው የቀሩበት ደግሞ የተሻለ ይመስላል። በመግቢያ ፈተና መርጦ የሚቀበል አዳሪ ትምህርት ቤት ሁሉንም ሲያሳልፍ እናጨበጭባለን። ያጨበጨብነው ግን ለማስተማሩ ነው ወይስ ለመምረጡ?

ዜሮው ይደበቅ አላልኩም። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከገባ ወዲህ፣ በኩረጃ ተሸፍኖ የኖረው ጉዳችን በመገለጡ ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። መጽሐፍ ያልደረሰው ክፍል፣ የፊዚክስ መምህር የሌለው ትምህርት ቤት መታወቅ አለበት። የምለው ቁጥሩ ይሟላ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ከማለፊያው መቶኛ ጎን አራት ነገር ያውጣልን፦ ስንት ተፈተነ፤ ከአራት ዓመት በፊት 9ኛ ክፍል ከገቡት ስንቱ፣ ከሴቶቹስ ስንቷ ደረሰች፤ ልጆቹ በ8ኛ ክፍል ፈተና ምን ውጤት ይዘው ነበር የመጡት፤ ትንንሾቹ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የአንድ ዓመት ሳይሆን የሦስት ዓመት ድምር ውጤታቸው ምን ይመስላል። በቡና አገርም የትምህርት ካላንደሩ ከለቀማው ጋር ይነጋገር፤ ያመለጠው ክፍለ ጊዜ በጥርና በየካቲት ይካካስ።

እኛስ? «ዜሮ ያሳለፉ» የሚል ዝርዝር ስልካችሁ ላይ ሲደርስ፣ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት «ስንት ነበሩ?» ብላችሁ ጠይቁ። በዲላም ሆነ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ የገጠር ልጆች ደግሞ በክረምት ወደ ቀያችሁ ስትመለሱ፣ ሁለት ሳምንት ሒሳብና እንግሊዝኛ ብታስጠኑ ትንሽ ነገር አይደለም። 20 ተማሪ ባለበት ክፍል የአንድ ልጅ ማለፍ ለትምህርት ቤቱ 5 በመቶ ነው፤ ለዚያ ቤተሰብ ግን መቶ በመቶ።