ሰማዩ ለምን ጠቆረ?

ባለፈው የማስተማር ልምምድ አንድ ስሕተት ሠራሁ። ስሕተቱ የእኔ ብቻ አይመስለኝምና ለግድግዳ ጋዜጣችን አንባቢያን አቀርበዋለሁ።

በሥዕል ክፍለ ጊዜ ሁለት ተራራ፣ በመካከላቸው ፀሐይ፣ ከሥር ጎጆና ወንዝ ሰሌዳ ላይ ሥዬ «ገልብጡ» አልኩ። ሁሉም ገለበጡ። አንድ ልጅ ብቻ የጓሯቸውን እንሰት ሣለ፤ ቅጠሉ በነፋስ የተተለተለ፣ ሰማዩ በእርሳስ የጠቆረ። «ሰማይ እንዲህ ነው እንዴ?» ብዬ ከአሥር አራት ሰጠሁት። «ሊዘንብ ሲል እኮ እንዲህ ነው፣ መምህር» አለኝ።

ልጁ ልክ ነበር። እዚህ ቱላ ዝናብ ሊመጣ ሲል ሰማዩ ይከብዳል፣ እንሰቱም የፈራ ይመስላል። ልጁ የሣለው ቅጠል ብቻ ሳይሆን ያንን ስሜት ነው።

የሩሲያ ሠዓሊያን የታወቁት በዚሁ ነው። አሌክሴይ ሳቭራሶቭ በ1871 እ.ኤ.አ. በሣለው «ቁራዎቹ መጡ» በተባለው ሥዕል የሚታዩት ጎባጣ ቀጫጭን ዛፎች፣ የወፍ ጎጆና የሚቀልጥ በረዶ ናቸው። ሲያዩት ተራ ነገር ነው፤ ግን ብርዱ አልፎ ልብ ቀለል ሲል ያለውን ስሜት ይዟል። ሳቭራሶቭ በሞስኮ የሥዕል ትምህርት ቤት መምህርም ነበር፤ ተማሪዎቹን ደጅ አውጥቶ ተፈጥሮን እያዩ እንዲሥሉ ያደርግ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ይስሐቅ ሌቪታን በ1892 እ.ኤ.አ. «ቭላዲሚርካ»ን ሣለ። ጭር ያለ የአፈር መንገድና ደመና ነው። መንገዱ ግን እስረኞች በእግራቸው ወደ ሳይቤሪያ የተነዱበት ነው። አንድም የታሰረ ሰው ሳይሣል ሐዘኑ ይታያል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን በሌኒንግራድ ተምረው በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። የሚሥሉት ግን የእኛን የጉልት ሴቶች ነው። ሙያውን አመጡ እንጂ በረዶውን አላመጡም።

«ክፍለ ጊዜው አጭር ነው፣ ተማሪው ብዙ ነው፣ ቀለም የለም» የሚሉ ጓደኞች አሉ። እውነት ነው። ከሰሌዳ መገልበጥም እጅን ያለማምዳል። ቢሆንም ደጅ ወጥቶ ለመሣል እርሳስና ዓይን ይበቃል፤ ክፍሉ ከበዛም ለሁለት ከፍሎ በየተራ ማውጣት ይቻላል።

ስለዚህ መምህራኖቻችን በልምምድ ዕቅዳችን ውስጥ ቢያንስ አንድ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ከክፍል ውጭ እንዲሆን ቢፈቅዱልን እላለሁ። እኛ እጩ መምህራንም ማርክ ከመጻፋችን በፊት «ሰማዩን ለምን እንዲህ አደረግኸው?» ብለን እንጠይቅ።

የዚያን ልጅ ማርክ አስተካክያለሁ። ስሕተቱን ሌላው እንዳይደግመው ግን እዚህ ጻፍኩት።