«ረዘመብኝ» ለሚሉ ጓዶች

ጓዶች! የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» በተነሣ ቁጥር አንድ ሐሜት አይጠፋም፤ «ፊልሙ ረዘመ፣ ሰውየውም አሜሪካ ነው የሚኖረው!»

እሺ፣ ረዝሟል። 150 ደቂቃ፣ ያውም ጥቁርና ነጭ። ግን በጮሌ ደጋ በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው እርሻ በሦስት ደቂቃ ያልቃል ሲል ሰምታችኋል? ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲቀርጸው ዝነኛ ተዋናይ አልለቀመም፤ የገጠሩን ሰው አሠራ። ጭሰኛው ሲደክም ወንበራችን ላይ እኛንም ይድከመን እንጂ!

«አሜሪካ ነው» የምትሉት ሰው ሆሊዉድን በአፉ ብቻ አልተቸም። እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ» አከፋፋይ ሲያጣ አዳራሽ እየተከራየ አሳየ፤ በ1999 ደግሞ «አድዋ»ን በዘጋቢ ፊልም ሠራ።

እኛስ? እዚሁ አርሲ፣ ጭላሎ ላይ፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ትራክተር ሲገባ ስንቱ ጭሰኛ ከመሬቱ ተነቀለ! ያንን ያዩ አያቶቻችን አንድ በአንድ እያለፉ ነው። ዛሬ ካሜራ በየኪሳችን አለ፤ የልደት ኬክ እናነሣበታለን!

ጓዶች፣ ክረምት አገር ቤት ስንገባ አያቶቻችን ፊት እንቀመጥ፤ ካሜራውን ከፍተን «እስቲ ያጫውቱን» እንበል። ይርዘም!