የክርስቲያን ርኅራኄ እስከ እንስሳት

ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል ተፈጥሮ በእንስሳትና በአራዊት ሁሉ ላይ ሥልጣን የተቀበለ መሆኑን ኦሪት ዘፍጥረትን የሰማ ክርስቲያን ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ሥልጣኑ በተሰጠበት በዚያው ምዕራፍ ለሰውም ለእንስሳም ምግብ እንዲሆን የተፈቀደው የምድር ቡቃያና ፍሬ እንደ ነበረ፣ ሥጋ መብላትም የተፈቀደው ከጥፋት ውሃ በኋላ ለኖኅ እንደ ሆነ ልብ የሚለው ጥቂት ነው። እኔም በኮሌጅ የምማር ወጣት ክርስቲያን ነኝና፣ ይህን ነገር ደጋግሜ በመረመርሁ ቍጥር የሰው ገዥነት የተመሠረተው በመጠበቅ ላይ መሆኑን ይበልጥ አምናለሁ።

ሙሴ ካኖራቸው ትእዛዛት መካከል እጅግ የሚያስደንቀኝ በኦሪት ዘጸአት በ23ኛው ምዕራፍ የሚገኘው ነው፤ ይኸውም የጠላቱን አህያ ከጭነቷ በታች ወድቃ ያገኘ ሰው ትቷት እንዳያልፍ፣ ከባለቤቷ ጋር ሆኖም እንዲያነሣት የሚያዝዘው ሕግ ነው። ግዴታው በመንገድ አላፊው ላይ ተጥሏል፤ ያውም ከባለቤቷ ጋር የተቀያየመ ቢሆን እንኳ። ኦሪት ዘዳግምም በ25ኛው ምዕራፉ የሚያበራየው በሬ አፉ እንዳይታሰር ይከለክላል።

አንዳንድ ሰዎች፣ ቅዱስ ጳውሎስ ይህንኑ የበሬ ሕግ ጠቅሶ ነገሩ ስለ ወንጌል አገልጋዮች የተጻፈ መሆኑን ተናግሯልና እንስሳት በሕጉ ውስጥ ስፍራ የላቸውም ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ አልረዳውም፤ ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ ከታናሹ ወደ ታላቁ እየወጣ ያስረዳልና፣ የሚደክመው በሬ ከዐውድማው ሊበላ የማይገባው ቢሆን ኖሮ የሚደክመው መምህር ከምእመናኑ ሊረዳ ይገባዋል የሚለው ነገር መሠረት ባጣ ነበር። እግዚአብሔርም ነነዌን የማረበትን ምክንያት ለዮናስ ሲነግረው ከ120,000 ከሚበልጡት ሰዎች ጋር እንስሳቱን ቈጥሯል፤ በየዓመቱ ጾመ ነነዌን የምንጾም እኛ ይህን ልንዘነጋው አይገባንም ነበር።

ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም አገሮች ቀዳሚውን ስፍራ የያዘች አገር ናት። ከአዲስ አበባው የእህል ገበያ ከእህል በረንዳ ጭነው የሚወጡት አህዮች ጀርባቸው ተገጥቦ፣ ቍስላቸው በመጫኛ እየተፋቀ፣ መኪና በሚተራመስበት አስፋልት ላይ በዱላ ሲነዱ ያላየ የከተማው ሰው አይገኝም። በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ለውጭ ገበያ የተከፈተው የአህያ ቄራ ሕዝቡ ስለ ተቈጣ ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ፤ የአፍሪካ ኅብረትም በ2016 ዓ.ም. አህዮችን ለቆዳቸው ሲባል ማረድ እንዲከለከል ወሰነ። የቢሾፍቱ ቍጣ ግን አብዛኛው የአህያን ሥጋ ከመጸየፍ እንጂ ለአህያዋ ከማዘን የመነጨ አይመስለኝም፤ አዝነንላት ቢሆን ኖሮ በየዕለቱ በፊታችን ስትደበደብ ዝም ባላልን ነበር።

እኛ ኦርቶዶክሳውያን የዓመቱን እኩሌታ ያህል ከሥጋና ከወተት ተከልክለን እንጾማለን፤ ዓይንም አንደበትም እጅም ሊጾም እንደሚገባው አባቶች ያስተምሩናል፤ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስንም ሥዕል ከአናብስቱና ከአናምርቱ ጋር በየቤታችን ሰቅለን እንሳለማለን። እንግዲህ በጾም ቀን የእንስሳን ሥጋ ሳይቀምስ የዋለ ሰው በዚያው ቀን የእንስሳን ጀርባ ቢያደማ ጾሙ ሙሉ ነው ለማለት አልደፍርም።

የአህያዋ ነጂ ራሱ ድሃ ነው፣ ልጆቹም የሚበሉት ከእርስዋ ጀርባ ነው የሚለኝ ሰው እውነት ተናግሯል። ጭነቱን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ ነጂው አይደለም፤ አንዱን ኵንታል በሌላው ላይ የሚያስደርበው ባለ እህሉ ነው። ስለዚህ የእህል ነጋዴዎች ሆይ፣ ምልልሱ ቢበዛና ኪራዩ ጥቂት ቢጨምርባችሁም ጭነቱን ቀንሱ፤ ካህናት አባቶቻችን ሆይ፣ ይህን የኦሪት ሕግ በዐውደ ምሕረት ላይ አስተምሩን፤ ምእመናንም የገጠበችውን አህያ ቍስሏ ሳይድን ከመጫን መታቀብን ከጾማችሁ ሥርዓት ጋር አንድ አድርጉት።