«ጎበዝ» ያላለኝ ኮች

የዛሬው ደብዳቤ የፍቅር አይደለም። ማለቴ… ሳስበው እሱም ፍቅር ነው መሰለኝ፤ ብቻ የወንድና የሴት አይደለም። ጸሐፊው የ22 ዓመት ልጅ ነው፣ በአንድ የታችኛው ዲቪዚዮን ክለብ ውስጥ አጥቂ። ስሙንም፣ ክለቡንም፣ ከተማውንም አልጽፍም፤ ደብዳቤው ላይ ሁለት ቦታ «አደራ» ብሎ አስምሮበታል።

ባጭሩ ነገሩ እንዲህ ነው። አሰልጣኙ ይህን ልጅ በ15 ዓመቱ ከሰፈር ሜዳ ላይ ነው ያነሳው። የመጀመሪያውን ታኬታ የገዛለት እሱ ነው። እናቱ የታመሙ ጊዜ ከኪሱ አበድሮታል። ዛሬ ልጁ የቡድኑ ኮከብ ሆኗል፤ ተመልካች ስሙን እየጠራ ያጨበጭብለታል፣ አንድ ሌላ ክለብም በሰው በኩል «ና» ብሎታል። አሰልጣኙ ግን ሰው ፊት ይጮህበታል። «ሁለት ጎል አግብቼ እንኳ የሚያወራው ስለሳትኩት ሦስተኛው ነው» ይላል። በዚያ ላይ ዘንድሮ በእሱ ቦታ የሚጫወት የ18 ዓመት ልጅ አምጥቶበታል። «በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ልሂድ ወይስ ልቀመጥ?» ነው ጥያቄው።

እንግዲህ እኔ አሰልጣኝ አይደለሁ፣ ሳይኮሎጂስትም አይደለሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ። ኳስ ማየት ግን ማንም አልከለከለኝም። ደብዳቤውን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እናንተም የምታውቁት ነው፤ ፈርጉሰንና ቤካም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 ማንቸስተር ዩናይትድ በሜዳው በአርሰናል 2ለ0 ተሸንፎ ከኤፍ ኤ ካፕ ወጣ። ፈርጉሰን መልበሻ ክፍል ውስጥ ተናዶ የመታው ጫማ ሄዶ የቤካምን ቅንድብ ሰነጠቀው። በዚያው ክረምት ልጁ ሪያል ማድሪድ ገባ። አለቀ! የዚህ ዓይነቱ ጸብ ቀላል ነው፤ ጫማ ይበራል፣ ደም ይታያል፣ ሁሉም ሰው ያውቃል።

የአንተ ግን እንደዚያ አይደለም ወንድሜ። የአንተ በዝምታ የሚያልቅ ዓይነት ነው። ለእሱ የሚሆን ታሪክ ያገኘሁት አሜሪካኖቹ «ፉትቦል» ከሚሉት፣ በእጅ ከሚያዘውና ሁለት ጫፉ ከሾለው ኳስ ውስጥ ነው። (እጅ ላይ የሚውለውን ኳስ ለምን የእግር ኳስ እንዳሉት እግዜር ይወቀው!)

ጨዋታውን ለማታውቁት ይህን ያህል ይበቃችኋል። በአንድ ወገን 11 ሰው ይሰለፋል። ከእነሱ ውስጥ «ኳርተርባክ» የሚባለው በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ መጀመሪያ ኳሱን ይቀበላል፤ ከዚያ ይወረውራል ወይም ለሚሮጥ ጓደኛው ያቀብላል። ሰከንዶች ናቸው ያሉት፣ ያውም ሊጥሉት የሚሮጡ መቶ ኪሎ የሚያልፉ ሰዎች እያሉ። በትልቁ ሊግ የኳርተርባኩ ቆብ ውስጥ ሬዲዮ አለ፤ ከአሰልጣኞቹ አንዱ ቀጥሎ የሚሠራውን እንቅስቃሴ ጆሮው ላይ ይነግረዋል። ሳምንቱን ሙሉ ደግሞ አንድ ክፍል ተቀምጠው ፊልም ያያሉ። እና ኳርተርባክና ዋና አሰልጣኝ ቢኳረፉ እንደኛ አገር አጥቂ ጥግ ይዞ መዋል የለም። ኩርፊያውን ይዘው ነው አብረው የሚሠሩት።

ሰዎቹ ቶም ብሬዲና ቢል ቤሊቺክ ናቸው። ክለቡ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው።) በ2000 ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ የወጡትን ልጆች ተራ በተራ ሲመርጡ ብሬዲ የተመረጠው 199ኛ ሆኖ ነው። ከእሱ በፊት ስድስት ኳርተርባኮች ተወስደዋል። ቀጭን ነው፣ አይሮጥም ተባለ። ያነሳው በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው አሰልጣኝ ቤሊቺክ ነበር። ታኬታ የገዛለት በለው።

በመስከረም 2001 የክለቡ ዋና ኳርተርባክ ድሩ ብሌድሶ ክፉኛ ተመቶ ከሜዳ ወጣ፤ ውስጡ ደም እስኪፈስ። ብሌድሶ በዚያው ዓመት የ10 ዓመት ውል የፈረመ፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተጻፈለት ሰው ነው። ተሽሎት ሲመለስ ቦታው ይሰጠዋል ብሎ ያላሰበ አልነበረም። አሰልጣኙ ግን «ብሬዲ ይቀጥላል» አለ። በየካቲት 2002 ልጁ ሱፐር ቦውልን፣ የዓመቱን ትልቁን ዋንጫ፣ 20ለ17 አሸንፎ አነሳ። ብሌድሶ ወደ ሌላ ክለብ ተሸጠ።

እዚህ ላይ ቆም በልልኝ ወንድሜ። ብሬዲ ቦታውን ያገኘው አሰልጣኙ ለትልቅ ስም ባለማዘኑ ነው። ይህ ሰው ነገም ለእኔ አያዝንም ብሎ ያኔ የሚያስብ ማን ነው? ማንም! ሰው የተጠቀመበትን ጭካኔ ጭካኔ አይለውም። ኮችህ አንተን በ15 ዓመትህ ሲያነሳ ከቡድኑ የወጣ አንድ ልጅ ነበረ አይደል? ስሙን ታስታውሰዋለህ?

ወደ ሰዎቹ ልመለስ። ሃያ ዓመት አብረው ሠሩ። ዘጠኝ ጊዜ ሱፐር ቦውል ደርሰው ስድስቱን ወሰዱ፤ በዚያ ስፖርት እንደዚህ የሆነ ሌላ አሰልጣኝና ኳርተርባክ የለም። ብሬዲ ከሌሎቹ ከዋክብት ያነሰ ደሞዝ እየተቀበለ ክለቡ ሌላ ተጫዋች እንዲገዛ ይረዳ ነበር። አሰልጣኙስ? የቀድሞ ተጫዋቾች ደጋግመው እንዳወሩት ፊልም ሲያዩ የብሬዲን ስህተት ሁሉም ፊት እያቆመ ያሳያል፤ የሰፈር ሃይስኩል ልጅ እንኳ ይህን አይስትም እስከማለት። አዲስ የመጡት ልጆች ይህን ሲያዩ «እሱን እንዲህ ካለ እኛንማ…» ብለው ቀጥ ይላሉ። ዘዴው ይሠራል! ለአሥር ዓመት፣ ለአሥራ አምስት ዓመትም ሠርቷል። ብሬዲም ችሎታል። ያኔ የሚነግሩትን የሚሰማ ወጣት ነበራ፤ አርባ ዓመት ሲሞላው፣ አምስት ዋንጫ ቤቱ ተደርድሮ፣ ያቺው ስድብ ሌላ ጣዕም ይኖራታል። ስድቧ አልተለወጠችም። ሰውየው ነው የተለወጠው።

በ2014 አሰልጣኙ ጂሚ ጋሮፖሎ የሚባል ወጣት ኳርተርባክ መረጠ፤ ስለ ምክንያቱ ሲጠየቅ የብሬዲን ዕድሜና ውል አነሳ። በአደባባይ! ያንተ የ18 ዓመት ልጅ ማለት ይሄ ነው። ብሬዲ ምን አደረገ መሰለህ? በዚያው የውድድር ዘመን ዋንጫ ወሰደ። ከሁለት ዓመት በኋላም 28ለ3 ከመመራት ተነስቶ አትላንታን 34ለ28 አሸንፎ ደገመ። በጥቅምት 2017 ጋሮፖሎ ራሱ ወደ ሳንፍራንሲስኮ ተሸጠ። ስለዚህ የልጁ መምጣት ብቻውን የመባረር ደብዳቤ አይደለም። አሰልጣኝ የሚመጣውን ዓመት የማሰብ ግዴታ አለበት፣ አንተም ጉልበትህ አንድ ቀን እምቢ ሊልህ ይችላል (አያድርስ)።

ጋሮፖሎ ሄደ እንጂ ኩርፊያው አልሄደም። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ አሌክስ ጌሬሮ የሚባለው የብሬዲ የግል አሰልጣኝና ወዳጅ በክለቡ ውስጥ እንደልቡ እንዳይገባና እንዳይወጣ ቤሊቺክ መከልከሉ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በጥር 2018 ስለ ጸባቸው ረጅም ዘገባ ታተመ፤ አሰልጣኙ፣ ብሬዲና የክለቡ ባለቤት ሮበርት ክራፍት በአንድነት ፈርመው «የለም» አሉ። እኔ ግን ሦስት ሰው ተሰብስቦ «አልተጣላንም» ብሎ ሲፈርም ሳይ… ጎረቤቶቼ ትዝ ይሉኛል። በሚያዝያ ብሬዲን ጋዜጠኛ ጂም ግሬይ ሰው በተሰበሰበበት ጠየቀው፤ ለሠራኸው ተገቢውን ምስጋና ከአለቆችህ አግኝተሃል ወይ ነው ነገሩ። ብሬዲ የመለሰው አሜሪካኖች ፍርድ ቤት ቆመው በራሳቸው ላይ ላለመመስከር በሚሉት ቃል ነው፤ አምስተኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጠቀሰ። ቀልድ ነበር። አዳራሹ ሳቀ። ግን እስቲ አስቡት፤ የ40 ዓመት ሰው፣ አምስት ዋንጫ፣ ሚሊዮን ዶላር፣ እና የጎደለው ነገር «ጎበዝ» የምትባለዋ!

እኔ ይህንን ሳነብ ሳቅም እንባም ነው የመጣብኝ። የጽሑፍ ሀሁ ያስያዘኝ አንድ አዘጋጅ ነበር። ጽሑፌን በቀይ እስኪርብቶ አጨማልቆ ይመልስልኝ ነበር። ሌላ ጋዜጣ ሲጠራኝ አንድ ቀን ሳልነግረው ቀረሁ፤ በቃ፣ ጠዋት አልሄድኩም። ይኸው እስከዛሬ አራት ኪሎ አካባቢ ሳየው መንገድ እሻገራለሁ። ስለዚህ የምመክርህ ጎበዝ ስለሆንኩ እንዳይመስልህ።

ብሬዲ በ2019 መጀመሪያ ስድስተኛውን ዋንጫ ወስዶ፣ በመጋቢት 2020 በ42 ዓመቱ ሄደ። ታምፓ ቤይ ገባ፣ በመጀመሪያው ዓመት ካንሳስ ሲቲን 31ለ9 አሸንፎ ሰባተኛ ዋንጫውን አነሳ። በዚያው ዓመት ፓትሪዮትስ 7 አሸንፎ 9 ተሸንፎ ቀረ። «አየህ! ብሬዲ ነበር ዋናው» የሚሉ ጓደኞችህ እዚህ ላይ ያጨበጭባሉ። ይቅርታ አድርግልኝና እኔ አላጨበጭብም። ታምፓ የሄደው ሰው ሃያ ዓመት ፊልም ፊት የተሰደበው ሰው ነው። ቤሊቺክም ቢሆን ያለ እሱ ሩቅ አልሄደም፤ በጥር 2024 በ4 ድልና በ13 ሽንፈት የውድድር ዘመኑን ዘግቶ ከክለቡ ተለያየ።

እንግዲህ ወደ አንተ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ መሃል ላይ በአንድ መስመር ያለፍካት ነገር አለች። «አሁን አሁን ልምምድ ላይ መዘግየት ጀምሬያለሁ» ትላለህ። ይህቺን ተዋት! ኮችህ ጥፋተኛ ቢሆን እንኳ በዚህች አንድ ነገር ጥፋቱን አንተ ላይ ያዞራታል። የክለቡ ሰዎች የሚያዩት የዘገየኸውን ነው እንጂ ልብህ ውስጥ ያለውን አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጩኸቱን ለይልኝ። «ኳሷን ለምን በግራ አልመታህም!» እና «አንተ ድሮም ሰው አትሆንም!» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሥራ ነው፣ ጆሮ ያማል እንጂ አይገድልም። ሁለተኛው ከሆነ፣ ያውም ስለ እናትህ ብድር ሰው ፊት የሚያነሳ ከሆነ፣ የማንም ውለታ ለዚያ አያስቀምጥህም። ደብዳቤህ ውስጥ ግን የጠቀስካቸው ሁሉ የግራ እግርህ ወቀሳዎች ናቸው። እኔ የማየው አንተን የሚንቅ ሰው አይደለም፤ ማመስገን የማያውቅ ሰው ነው። ምናልባት እሱንም ጎበዝ ያለው የለም።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆጣህ ነው። በሰባት ዓመት አንድ ቀን አላለኝም ትላለህ፤ አንተስ አንድ ቀን ብለኸው ታውቃለህ? «ኮች፣ እዚህ ያደረስከኝ አንተ ነህ» ብለህ? የታኬታውን ነገር ለእኔ፣ ፊቴን አይተኸው ለማታውቀው ሰው፣ እንዲያ አሳምረህ ጽፈህልኛል። ለእሱ ነግረኸው ታውቃለህ?

ብሬዲና ቤሊቺክ በአደባባይ የተባባሉት ሁሉ በጋዜጠኛ፣ በመግለጫ፣ በባለቤቱ በኩል ነው። በጥቅምት 2021 ብሬዲ የታምፓን ማልያ ለብሶ ወደ ድሮ ሜዳው መጣና 19ለ17 አሸነፈ። ሜዳ ላይ የተቃቀፉት እንደ እንግዳ ነበር፤ ላፍ አድርገው ተለያዩ። ከዚያ ግን አሰልጣኙ እስከ እንግዳው ቡድን መልበሻ ክፍል ድረስ ሄዶ ከሃያ ደቂቃ በላይ ብቻቸውን አወሩ። ምን እንዳወሩ የእነሱ ነው። በሰኔ 2024 ክለቡ ለብሬዲ ክብር ባዘጋጀው በዓል ላይ ደግሞ ቤሊቺክም ተገኝቶ ነበር፤ ብሬዲ በሕዝብ ፊት ከእሱ የበለጠ ልጫወትለት የምፈልገው አሰልጣኝ በዓለም ላይ የለም አለ። ከሄደ ከአራት ዓመት በኋላ።

አንተ ሌላው ክለብ የሰጠህ ጊዜ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ልምምድ ካለቀ በኋላ፣ ልጆቹ ሲበተኑ፣ ጠብቀው። ልጁን አታንሳበት። ደሞዝ አታንሳ። ጓደኛ ይዘህ አትሂድ። ከታኬታው ጀምር፤ ከዚያ «ሌላ ክለብ ጠርቶኛል፣ ከሰው ከምትሰማው ብዬ ነው፣ ለሚመጣው ዓመት እኔን እንዴት ነው የምታስበኝ?» በለው። ከጮኸ ይጩህ፣ ሰባት ዓመት ለምደኸዋል። «ምንም አላስብህም» ካለህ ልብስህን ሰብስብ፣ እጁን ጨብጠህ ሂድ፤ ያኔ ልሂድ ወይስ ልቀመጥ ብለህ ለጋዜጣ የምትጽፍበት ምክንያት የለም። ያልጠበቅኸውን ነገር ከነገረህ ደግሞ ቢሮዬ ድረስ መጥተህ ቡና ትጋብዘኛለህ።

በነገራችን ላይ ከእናንተ ሰፈር ኮችህ ቤት ድረስ በታክሲ ስንት ደቂቃ ነው?